ረጃእ እና ተመኒ፦ ስኬትን በዓይነ ህሊና መሳል የሚጠቅመው መቼ ነው?

  

የመውጫ ፈተና በተቃረበ ቁጥር በግቢያችን ሁለት ዓይነት ወረቀት ይበዛል። አንደኛው ሲኒየሮች ትተውት የሄዱት የጥያቄ ፎቶ ኮፒ ነው። ሁለተኛው በየብሎኩ በር የሚለጠፈው የ«ስኬት» ስልጠና ማስታወቂያ ነው። ስኬታችሁን በዓይነ ህሊናችሁ ሳሉ፣ አዎንታዊ አስቡ፣ የፈለጋችሁት ሁሉ ወደ እናንተ ይሳባል ይላል። በዶርምም ቢሆን ከአልጋው ራስጌ የመኪናና የቪላ ፎቶ ለጥፎ ጠዋትና ማታ የሚያየው ልጅ አይጠፋም። ባለፈው ሴሚስተር ከደርስ በኋላ አንድ የፍሬሽ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ይህ ነገር ተወኩል ነው ወይስ ሽርክ?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቻችን ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም፤ በአንድ ቃል የሚመለስም አይደለም። ነገሩ ውስጥ የሚወሰድም የሚጣልም አለና፣ ኢንሻአላህ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ለይተን ለማየት እንሞክራለን።

ነገሩ ከየት መጣ?

ይህ ትምህርት አዲስ መስሎ ቢቀርብም ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ሥሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተነሳ፣ በሽታም ጤናም ከሐሳብ ይመነጫል የሚል እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱ ተከታተሉ። ዋላስ ዋትልስ እ.ኤ.አ. በ1910 ሀብት የማግኘት «ሳይንስ» ብሎ ጻፈ። ናፖሊዮን ሂል በ1937 ስለ ማሰብና ስለ መበልጸግ ጻፈ። ኖርማን ቪንሰንት ፒል የተባለ የኒው ዮርክ ፓስተር በ1952 አዎንታዊ አስተሳሰብን በየቤቱ የሚታወቅ ቃል አደረገው። ሻክቲ ጋዌይን በ1978 በዓይነ ህሊና ስለ መሳል ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣች። በ2006 ደግሞ ሮንዳ በርን የተባለች አውስትራሊያዊት የቴሌቪዥን አዘጋጅ፣ የዋትልስን መጽሐፍ ካነበበች በኋላ፣ «ዘ ሲክሬት» የተባለውን ፊልምና መጽሐፍ ይዛ ብቅ አለች። «የስበት ህግ» የሚባለው ነገር ዛሬ በየቲክቶኩ የሚሰማው በአብዛኛው ከዚያ ተቀድቶ ነው።

እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ ሰው ተስፋ ከቆረጠ እጁን አያነሳም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ልቡን ያንሳ ነው የሚሉት። ይህን የሚቃወም ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወፍ በረራና በመሳሰለው ገድ ማለትን፣ ጢየራን፣ ሲከለክሉ ፈእልን፣ ማለትም መልካም ቃል ሰምቶ መልካም ተስፋ ማድረግን ግን ይወዱ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ነብዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጆቻቸውን ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ ብለው ሲልኳቸው ከአላህ እዝነት ተስፋ መቁረጥ የከሓዲዎች ጠባይ መሆኑን ነግረዋቸዋል። ልብ በሉ፤ ተስፋ አትቁረጡ ያሉት ሂዱና ፈልጉ ካሉ በኋላ ነው። ተስፋው ከመንገድ ጋር ነው የተሰጠው።

ችግሩ ያለው «ዘ ሲክሬት» እና መሰሎቹ በሚሉት ላይ ነው። እነርሱ ሐሳብህ ማግኔት ነው፣ አጽናፈ ዓለሙ ትዕዛዝህን ይሰማል፣ ያሰብከውንም ያመጣልሃል ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንድናይ እፈልጋለሁ።

አንደኛው፣ ሰጪው ማን ነው የሚለው ነው። ሰማይና ምድር ፍጡር ናቸው፤ አይሰሙም፣ አይሰጡም። ልብ ወደ እነርሱ ዞሮ «ስጡኝ» ሲል፣ ቃሉ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ በመድረሳ ገና ቃዒዳ ስንቆጥር የተማርነውን ተውሒድ ይነካል። የፍሬሹ ልጅ ሽርክን ያነሳው ያለ ነገር አልነበረም። ማሰብ በራሱ ሽርክ አይደለም፤ በዓይነ ህሊና መሳልም አይደለም። የሚያሰጋው ሥዕሉን ወይም «ዩኒቨርሱን» ሰጪ አድርጎ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ብዙም አይነገርም፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚከብደኝ እርሱ ነው። ሐሳብህ ሁሉን ነገር ይስባል ካልክ፣ የታመመው በሽታውን ራሱ ስቦታል ማለት ነው። በድርቅ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር አስተሳሰቡ አሉታዊ ስለነበር ነው ማለት ነው። አባቷ ሞቶባት በሚድ ሳምንት ለቅሶ ሄዳ የተመለሰች እህታችን ሞቱን በሐሳቧ ጠርታዋለች ማለት ነው። አላህ ይጠብቀን! ነብዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) በአካላቸውም በቤተሰባቸውም ሲፈተኑ በሐሳባቸው የሳቡት ነገር አልነበረም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃንና (ረ.ዐ) አቡ ጧሊብን በአንድ ዓመት ሲያጡ ስለ አላህ ያላቸው ግምት ጎድሎ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ሙሲባ ፈተና ሊሆን፣ ወንጀል ማበሻም ሊሆን ይችላል፤ የሐሳብ ማግኔት ውጤት ግን አይደለም። ስለዚህ የተቸገረ ጓደኛችሁን «ፖዚቲቭ ስላልሆንክ ነው» ከማለት ተቆጠቡ። ቁስል ላይ ጨው ነው።

«ባሪያዬ እንደሚያስበኝ» የሚለው ሐዲስስ?

እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ማስረጃ አለ። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲሰል ቁድሲ አላህ ለባሪያው ባሪያው ስለ እርሱ እንደሚያስበው እንደሚሆን ይናገራል። አንዳንድ አሰልጣኞች፣ ሙስሊሞችም ጭምር፣ «ይኸው የስበት ህግ በሐዲስ መጣ» ይላሉ። ሐዲሱን ግን ዑለማዎች እንዴት እንደተረዱት ማየት ያስፈልጋል። ኢብኑ ሐጀር በፈትሑል ባሪ ከቁርጡቢ እንዳስተላለፉት፣ ይህ ግምት ዱዓ ሲያደርጉ እቀበላለሁ ብሎ ማሰብ፣ ሲቶብቱ ይቅር እባላለሁ ብሎ ማሰብ፣ ዒባዳን በሸርጡ ሲፈጽሙ ምንዳ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ ነው። ሁሉም ውስጥ ሥራ አለ። ዱዓ የሌለበት የመቀበል ግምት፣ ተውባ የሌለበት የይቅርታ ግምት አልተጠቀሰም። ደግሞም ግምቱ የተያዘው በአላህ ላይ እንጂ በመኪናው ፎቶ ላይ አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ረጃእ እና ተመኒ

ዑለማዎቻችን ሁለት ቃል ለይተዋል። ረጃእ ተስፋ ነው። ተመኒ ምኞት ነው። (በነገራችን ላይ የእኛ «ተመኘ» እና የዐረብኛው «ተመና» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ቃሉን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም።) በሱረቱ አን-ኒሳእ አላህ ነገሩ በእኛም ምኞት በመጽሐፉ ሰዎችም ምኞት እንዳልሆነ ይናገራል። ከዚያ ሁለት ሦስት አንቀጽ ቀደም ብሎ ደግሞ ሸይጧን ሰዎችን በቃል ኪዳን እንደሚደልላቸውና እንደሚያስመኛቸው ይነግረናል። ምኞት የሸይጧን መሣሪያ ሆኖ የተጠቀሰበት ቦታ መሆኑን ልብ እንበል። ሁልጊዜ ሸይጧን የሚመጣው በተስፋ መቁረጥ ብቻ ይመስለናል፤ በጣፋጭ ሥዕልም ይመጣል።

ኢማሙ ገዛሊ (በ505 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት) በኢሕያእ ውስጥ ልዩነቱን በገበሬ ያስረዳሉ። አንዱ ገበሬ ለም መሬት መርጦ፣ ያልነቀዘ ዘር ዘርቶ፣ አጠጥቶ፣ እሾሁንና አረሙን ነቅሎ፣ ከዚያ አላህ ከመብረቅና ከተባይ እንዲጠብቅለት ይጠባበቃል። የዚህ መጠባበቅ ረጃእ ይባላል። ሌላው ውሃ በማይደርስበት ጠንካራ ቦታ ላይ ዘሩን በትኖ፣ ዞርም ብሎ ሳያየው ምርት ይጠብቃል። ይህ ሞኝነትና መታለል ነው። ሦስተኛው መሬቱ ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ የለውም፤ ዝናብ በማይበዛበት ቦታ ዝናብ ይጠብቃል። ይህ ተመኒ ነው። ከገጠር የመጣን ልጆች ሦስቱንም ገበሬ በዓይናችን የምናውቃቸው ይመስለኛል። የሚገርመው ሦስቱም ምርቱን በዓይነ ህሊናቸው ያዩታል፤ አውድማው ሲሞላ ይታያቸዋል። የሚለያቸው ከሥዕሉ በፊት ያለው ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዘመናችን ጥናት እንምጣ፤ ምክንያቱም ገዛሊ የለዩትን ነገር ተመራማሪዎች በቁጥር ደርሰውበታል። ጋብርኤለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር አለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረባዋ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ 25 ሴቶችን ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛው፣ ይሳካልኛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ ወይ? ሁለተኛው፣ ስለ ወደፊቱ ስታልሚ የሚታይሽ ምንድነው? ከአንድ ዓመት በኋላ ውጤቱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት የበለጠ ቀነሱ። ቀጭንና ውብ ሆነው በሐሳብ የተዝናኑት ግን ያነሰ ቀነሱ። መጠበቅና ማለም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዱ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ2002 የወጣው ጥናቷ ነው። በጀርመን ሊመረቁ የደረሱ ተማሪዎችን ጥሩ ሥራ ስለ ማግኘት ምን እንደሚያልሙ ጠይቃ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰችባቸው። ጣፋጭ ጣፋጩን አብዝተው ያለሙት ያነሰ ማመልከቻ ልከው፣ ያነሰ የሥራ ጥሪ አግኝተው፣ ያነሰ ደመወዝ እየተከፈላቸው ተገኙ። ምክንያቱን ለማወቅ ባደረጉት ሌላ ሙከራ (2011) ከባልደረባዋ ጋር የደም ግፊትን ለኩ። ሰው የተመኘውን እንዳገኘ አድርጎ ሲስል የላይኛው የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል። ሰውነቱ ዘና ይላል ማለት ነው፤ ደርሶ ያረፈ ያህል። ያረፈ ሰው ደግሞ ለመነሳት ጉልበት አይመጣለትም።

እንግዲህ ከአልጋ ራስጌ ያለው ፎቶ ምን እንደሚሠራ አስቡት። ማታ ማታ ልጁን «ደርሰሃል» እያለ ያስተኛዋል።

የአርክቴክቱ ሥዕልና የሳይቱ ወረቀት

የምማረው ሲቪል ምህንድስና ነውና አንድ ነገር ከሙያው ልዋስ። ለደንበኛ የሚታይ የቀለም ሥዕል አለ። ሕንፃው ተጠናቆ፣ መስታወቱ እያበራ፣ ከፊቱ ዛፍና መኪና ተደርድሮ። ደንበኛ እሱን አይቶ ይደሰታል፣ ገንዘብ ለማውጣትም ይጨክናል። ነገር ግን ይህን ሥዕል ይዞ ሳይት የገባ መሐንዲስ አንዲት ኮለን ማቆም አይችልም። ሳይት ላይ የሚያስፈልገው የስትራክቸር ድሮዊንግ፣ የብረት ዝርዝር፣ የሥራና የዕቃ መጠን ሰንጠረዥ ነው። የትኛው ብረት በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ መሠረቱ ስንት ሜትር ጠልቆ፣ ኮንክሪቱ በየትኛው ቀን እንደሚሞላ። ይህ ወረቀት አያምርም። ግን እርሱም የወደፊቱን ሕንፃ «በዓይነ ህሊና ማየት» ነው፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ ጠለቅ ብሎ ማየት ነው።

ሊየን ፋም እና ሼሊ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በተማሪዎች ላይ አይቷል። ሚድ ፈተና የሚጠብቃቸውን የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከፋፍለው፣ አንዳንዶቹ በየቀኑ ጥሩ ግሬድ ማግኘታቸውን በዓይነ ህሊናቸው እንዲስሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ማጥናታቸውን ራሱን እንዲስሉ አደረጉ። የት እንደሚቀመጡ፣ መጽሐፉን ሲከፍቱ፣ ቲቪውን ሲያጠፉ፣ የጓደኛን ግብዣ እምቢ ሲሉ። ጥናቱን የሳሉት የበለጠ አጠኑ፣ ውጤታቸውም ተሻለ። የተሻለበት ምክንያት ሲመረመር ደግሞ ሁለት ነገር ተገኘ፦ እቅዳቸው ጠርቷል፣ ጭንቀታቸው ቀንሷል። ግሬዱን ብቻ የሳሉት ይህን ጥቅም አላገኙም።

ቁርኣን ሒፍዝ ያደረጋችሁ ይህ አይገርማችሁም። በመድረሳችን ለወላጆቹ የቂያማ ቀን ዘውድ ማስደፋትን ያልተመኘ ልጅ አልነበረም። ሠላሳውን ጁዝእ የጨረሱት ግን ከፈጅር በኋላ አዲሱን ትምህርት፣ ከዐስር በኋላ ሙራጀዓውን ያላቋረጡት ናቸው። ኡስታዛችን ስለ ዘውዱ በዓመት አንዴ፣ ስለ ሙራጀዓው በቀን አምስቴ ነበር የሚያነሱት።

ኸንደቅ ላይ የታየው

ስለ ራዕይ ሲወራ አንድ ታሪክ ሁልጊዜ ወደ ልቤ ይመጣል፤ ሰፋ አድርጌ ላንሳው። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 627) አሕዛብ የተባለው ጥምር ጦር ወደ መዲና ዘመተ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ነው፤ ሙስሊሞቹ 3 ሺህ ገደማ። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) በፋርስ አገር እንደሚደረገው ጉድጓድ እንቆፍር አሉ። ቦታው እንዲሁ አልተመረጠም። መዲና በምሥራቅና በምዕራብ ፈረስ የማይራመድበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ አላት፤ በደቡብ የተምር እርሻና ቤቶች ተደራርበዋል። ክፍት የሆነው ሰሜኑ ነው፤ ኸንደቁም እዚያ ተቆፈረ። ለየአሥር ሰው 40 ክንድ እየተለካ እንደተከፋፈለ በሲራ ተዘግቧል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አፈር ይሸከሙ ነበር። ብርድ ነው፣ ረሃብ ነው። ከረሃብ የተነሳ ሆዳቸው ላይ ድንጋይ ታስሮ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል።

በመሃል ዶማ የማይበግረው ቋጥኝ ገጠማቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወርደው ቢስሚላህ ብለው መቱት። በራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ሦስት ጊዜ ሲመቱ በመጀመሪያው የሻም፣ በሁለተኛው የፋርስ፣ በሦስተኛው የየመን ቁልፎች እንደተሰጧቸው፣ ከቆሙበትም ቤተ መንግሥቶቹን እንደሚያዩ ተናገሩ።

እስቲ አስቡት። በዙሪያቸው የተራቡ ሰዎች አሉ፣ ጠላት እየቀረበ ነው፣ እርሳቸው ግን የፋርስን ቤተ መንግሥት ያያሉ። ሙናፊቆቹ ተሳለቁ፤ በሱረቱል አሕዛብ እንደተነገረን የአላህና የመልእክተኛው ቃል ማታለያ ነው አሉ። አማኞቹ ደግሞ ጦሩን ባዩ ጊዜ የተገባልን ቃል ይኸው ነው ብለው እምነታቸው ጨመረ። ይህ ነብያዊ ተአምርና ወሕይ ነው፤ ከእኛ ዕለታዊ ሐሳብ ጋር አንድ አናደርገውም። ዳሩ ግን የሚያስተምረን ቅደም ተከተል አለ። ራዕዩ የታየው ትራስ ላይ አልነበረም፤ ዶማ በእጅ ተይዞ፣ ቋጥኝ ሲመታ ነው የታየው። ብስራቱንም ሰምቶ ዶማውን ጥሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሶሓባ አልነበረም። 40ው ክንድ መቆፈር ነበረበት፤ ተቆፈረም።

በሱረቱ ዩሱፍም ተመሳሳይ ነገር አለ። ንጉሡ ህልም አየ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ፍቺውን ሲናገሩ ሰባት ዓመት ዝሩ፣ ያጨዳችሁትን ከምትበሉት ጥቂት በቀር በዛላው ተዉት ብለው ነው። እህልን ከነዛላው ማቆየት ከነቀዝ የሚከላከል የጎተራ ዘዴ ነው። ህልም ሲፈታ የሥራ እቅድ ሆኖ ወጣ።

ወደ ፈተናችን እንመለስ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተናን በ50 በመቶ ማለፍ ግድ ሆኗል። አንዲት የአምስተኛ ዓመት ሲቪል ተማሪ እንበል። ማታ ከመተኛቷ በፊት አምስት ደቂቃ አላት። ጋውን ለብሳ እናቷ እልልታ ሲያሰሙ መሳል ትችላለች፤ ሐራም አይደለም፣ ደስም ይላል። ኒያዋን ለማደስ ትንሽ ትየው። ከዚያ ግን ሥዕሉን ወደ ነገው ጠዋት ታምጣው። ፈጅር ሰግዳ ዚክሯን ጨርሳ፣ ላይብረሪ ሁለተኛ ፎቅ መስኮቱ አጠገብ ስትቀመጥ። የምትከፍተው የትኛውን ምዕራፍ ነው? ስትራክቸራል አናሊሲስ ከሆነ ስንት ጥያቄ ትሠራለች? የማይገባት ቦታ ላይ ስትደርስ ማንን ትጠይቃለች?

ቀጥሎ እንቅፋቱን ታስገባ። ኦቲንገን ከብዙ ዓመት ጥናት በኋላ የደረሰችበት ዘዴ ዋና ነገሩ ይህ ነው፦ ምኞትህን ለይ፣ ውጤቱን ሳል፣ ወዲያው ከውስጥህ የሚያግድህን እንቅፋት ሳል፣ ከዚያ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብለህ እቅድ ያዝ። እንቅፋት ሲባል መብራት መጥፋቱንና የሌክቸረሩን ጠባይ ብቻ አትቁጠሩ፤ ከውስጥ የሚል ቃል አለበት። ለብዙዎቻችን ስልክ ነው። «ከዒሻ በኋላ እጄ ወደ ቴሌግራም ሲሄድ ስልኩን ለዶርም ጓደኛዬ እሰጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።» «ፎርሙላው ጠፍቶብኝ መጽሐፉን ልዘጋ ስል አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሬ እዘጋለሁ፣ ኢንሻአላህ።» እንዲህ ያለው «ሲሆን» የሚል እቅድ ዝም ብሎ «አጠናለሁ» ከማለት የበለጠ እንደሚይዝ ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ አሳይቷል። ኢንሻአላህ የሚለውን ደግሞ ለማሳመሪያ አልጨመርኩትም። በሱረቱል ከህፍ ነገ ይህን እሠራለሁ ስንል አላህ ከሻ እንድንል ታዘናል። እቅድ አታውጡ አልተባልንም፤ እቅዳችሁን በእጃችሁ ብቻ አትያዙት ተባልን።

የፈተናው ዕለትም እንዲሁ ይሳላል። አዳራሹ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ፈጽሞ የማታውቁት ሆኖ ልባችሁ ሲመታ። እዚያ ላይ አትሽሹ፤ ራሳችሁን ስታዩት ትንሽ ተንፍሳችሁ፣ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ደረታቸው እንዲሰፋ የለመኑትን ዱዓ ብላችሁ፣ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስታልፉ ሳሉት። ይህን አስቀድሞ ያየ ሰው ቀኑ ሲደርስ እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ ነገር በመሃል ልጨምር። «ቢዝነስ» ብለው ወደ አዳራሽ ጠርተው፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና መኪናችሁን እዩ የሚሉ አሉ። ቀጥሎ የመመዝገቢያ ብር ይጠየቃል፤ ብሩ የሚመለሰው ጓደኞቻችሁን ስታስገቡ ነው። ሥዕሉ ማጥመጃው ነው። ዓይን ተጨፍኖ ገንዘብ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ዓይናችሁን ግለጡና ምን ይሸጣል፣ ትርፉ ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከአዲስ ገቢዎች ኪስ ከሆነ ዑለማዎችን ሳትጠይቁ አትግቡ።

ሥዕሉ ካልተሳካስ?

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። የስበት ህግ ተከታይ ያሰበው ካልመጣ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ በደንብ አላመንኩም ብሎ ራሱን መክሰስ፣ ወይ ሁሉንም መጣል። ምክንያቱም ተስፋውን የጣለው በሥዕሉ ላይ ነው። ሙስሊም መልካም ግምቱን የሚጥለው በአላህ ላይ ነው፤ ሥዕሉ ቢቀደድ ግምቱ አይቀደድም። ከፍሬሽ ዓመት በኋላ ሜዲስን ሞልቶ ሌላ ዲፓርትመንት የደረሰው ስንቱ ነው? ከእኛ ባች ብቻ ብቆጥር ጣቴ አይበቃም። ኢስቲኻራ ያስተማረን ይህንኑ ነው። ነገሩ መልካም ከሆነ አግራልኝ፣ ካልሆነ ከእኔ አርቀው፣ መልካሙን ወዳለበት ውሰደኝ፣ በእርሱም አስወድደኝ ብለን እንለምናለን። ሥዕሉን ይዘን እንሄዳለን፤ እንዲለወጥም ፈቅደን እንሄዳለን። ይህ ደካማነት የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን ሰው ሳይሰበር ደግሞ ደጋግሞ የሚሞክረው በዚህ ይመስለኛል።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል። የሚጠቅምህን ነገር ተጠንቅቀህ ፈልግ፣ በአላህ ታገዝ፣ አትስነፍ የሚለው ከፈተናው በፊት ያለው ነው። አንድ ነገር ከደረሰብህ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» አትበል፣ አላህ የወሰነው ሆነ በል የሚለው ከፈተናው በኋላ ያለው ነው። ብዙዎቻችን እናገላብጠዋለን። ከፈተናው በፊት «ቀደር ነው» ብለን እንተኛለን፤ ከፈተናው በኋላ «ኖሮ፣ ኖሮ» እያልን እንቅልፍ እናጣለን። ውጤቱ ሲለጠፍ 50 ያልሞላለት ወንድም ድጋሚ መፈተን ይችላል። በዚያ ምሽት ጓደኞቹ ዶርሙ ሄደው ሻይ ያፍሉለት፣ ስለ አላህ መልካም ግምቱን ያስታውሱት። በማግስቱ ደግሞ የትኛው ኮርስ ላይ ነጥብ እንዳጣ ከእርሱ ጋር ቁጭ ብለው ይለዩ፣ አዲሱን 40 ክንድም ይለኩለት።

ወላሁ አዕለም።